ኤምአርአዩ «ለዕድሜው ጤናማ» ይላል፤ ወንድሜ ግን ያ ሰው አይደለም

እህቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ 56 ዓመቱ ነው። የሂሳብ አስተማሪ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በር የልጁን ጣት ያዛት። ስትጮህ ከሌላ ክፍል ሮጬ መጣሁ። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። «አባዬ፣ ደማኝ» አለችው። «እሺ» አላት፤ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አልነቀለም። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ድሮ እኮ ልጁ ካሳለች እንቅልፍ በዓይኑ የማይዞር አባት ነበር።

ከዚያ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ጣፋጭ ነገር ካየ ሳይጨርስ አይነሳም። አንዱን ቀልድ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይደግመዋል። ሰው ፊት የማይባለውን ይላል፣ ማፈርም የለም። ማስታወሱ ግን ደህና ነው። መንገድ አይጠፋውም፣ የሁላችንንም ስልክ ቁጥር በቃሉ ይላል። ስለዚህ የመርሳት በሽታ የሚባለው ነገር ለማናችንም ትዝ አላለንም። ድብርት ነው ተባለ። ስምንት ወር መድኃኒት ወሰደ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ከዚያ ኤምአርአይ ታዘዘለት። ውጤቱ ሁለት መስመር ናት፤ እጢ የለም፣ የደም መፍሰስ የለም፣ «ለዕድሜው ጤናማ አንጎል»። ባለቤቱ ወረቀቷን አንብባ አለቀሰች። ጤናማ ከሆነ ይሄን ሁሉ የሚያደርገው አውቆ ነው ማለት ነው ብላ።

ባለፈው ወር ሌላ የነርቭ ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አላነበበም። ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተና ምስሎቹን አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመረ። አንዱ ላይ ቆመ። እስክሪብቶውን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ «ይሄን ጫፍ ከወዲያኛው ጋር አስተያዪው» አለኝ። አንደኛው ጫፍ ሞላ ያለ ነው። ሌላኛው እንደ ደረቀ ቅጠል ጠርዙ ሰልቶ፣ ዙሪያው ጥቁር ሆኗል። ሐኪሙ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ሊሆን ይችላል አለ፤ ባጭሩ ኤፍቲዲ፣ የአንጎሉ የግንባርና የጎን ክፍል እየሳሳ የሚሄድበት በሽታ። ፔት ስካን እንጨምር ብሏል።

ጥያቄዬ፣ አንድ ምስል እንዴት ሁለት ነገር ይናገራል? ፔቱስ ምን ይጨምርልናል?

የመግነጢስ ክፍል

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ኤምአርአይ የማነሳ ባለሙያ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ግን በየቀኑ ስለማየው ልመልስልሽ።

የማዘዣው ወረቀት ላይ ምን ተብሎ ነበር የተጻፈው? ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት የሚፈልገው የተጠየቀውን ነው። «ራስ ምታት» ወይም «ድብርት» ከተባለ እጢ፣ ደም መፍሰስ፣ የደም ዝውውር መቋረጥ ይፈልጋል። ካጣ «የለም» ይላል፤ እውነቱን ነው። የአንጎል መሳሳት ግን እንደ እጢ ብቅ ብሎ አይታይም። ቀኙን ከግራው፣ የፊቱን ከኋላው ማስተያየት ይፈልጋል። ደግሞ ሁላችንም በዕድሜ ትንሽ ትንሽ እንሳሳለን፤ «ለዕድሜው» የምትለዋ ቃል ብዙ ነገር የምትሸፍነው ለዚህ ነው።

ሌላው አነሳሱ ነው። የተለመደው ምስል አንጎሉን እንደ ዳቦ አግድም ይቆርጠዋል፤ አንዱ ቁራጭ አምስት ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። የቴምፖራል ጫፍ፣ ማለትም በጆሮ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል የፊት ጫፍ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ እዚያ ውስጥ ትጠፋለች። ለዲሜንሺያ የምናነሳው ግን ቁራጩ አንድ ሚሊሜትር የሆነ ባለሦስት አቅጣጫ ምስል ነው። እሱን ኮምፒውተሩ ላይ በፈለግሽው በኩል ታዞሪዋለሽ። ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ፊት ለፊት ተቆርጦ ሲታይ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ይመጣሉ። ሐኪሙ ያሳየሽ ይሄን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስክሪኑ ላይ በግራ የምታዪው የወንድምሽ ቀኝ ነው። ልክ ፊት ለፊቱ የቆምሽ ያህል ነው የሚታየው። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

እህቱ

የመግነጢስ ክፍል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወረቀቱን አወጣሁት። ማዘዣው ላይ የተጻፈው «እንቅልፍ ማጣትና ድብርት» ብቻ ነው። ስለ ጠባዩ አንዲት ቃል የለም። ሐኪሙ ያሳየኝ የሳሳው ጫፍ ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል ነበር፤ ስለዚህ የሳሳው የቀኙ ነው ማለት ነው።

ነርቭ ተማሪ

ቀኝ ስትዪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሰው ፊት ይለያል?

እህቱ

እንዴት አወቅክ? ሃያ ዓመት አብሮት ያስተማረ ጓደኛውን መንገድ ላይ ዝም ብሎ አለፈው። ሰውየው ጠርቶት ሲያናግረው በድምፁ ነው ያወቀው። እኛ ተኳርፈው ነበር የመሰለን።

ነርቭ ተማሪ

የነርቭ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ላይ ነኝ። ወንድምሽን ስላላየሁ ስለ እሱ አልፈርድም፤ ስለ በሽታው ግን የማውቀውን ላካፍል።

የቀኝ ቴምፖራል ጫፍ ሲሳሳ የሰው ፊት መለየትና የሰው ስሜት መረዳት አብረው ይጎዳሉ። ግራው ከሆነ መጀመሪያ የሚሄደው የቃል ትርጉም ነው፤ «መቀስ» ስትዪው «መቀስ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅሻል። ንግግር መተሳሰር ካቃተውና ቃል ማውጣት ትግል ከሆነበት ደግሞ ጉዳቱ በግራ የግንባሩ ክፍል፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ኢንሱላ ከሚባለው፣ በጎን በኩል ጠልቆ ከተሸሸገው ክፍል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ስለዚህ ምስሉ ላይ የሚታየው ቦታና ቤት ውስጥ የሚታየው ጠባይ መገጣጠም አለባቸው። ካልተገጣጠሙ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ይሄ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሐኪሙ አርኖልድ ፒክ እ.ኤ.አ. በ1892 ፕራግ ውስጥ የገለጸው በሽተኛ ንግግሩን እያጣ የሄደ ሰው ነበር፤ ሲሞት አንጎሉ ተከፍቶ በግራ ቴምፖራል በኩል ሳስቶ ተገኘ። ፒክ እስከ ሞት መጠበቅ ነበረበት። እኛ ሰውየው በሕይወት እያለ እናያለን።

ስለ ልጅቷ ጣት የጻፍሽው ከአእምሮዬ አልወጣም። አንጎል ውስጥ «አሁን ዋናው ነገር ይሄ ነው» ብሎ የሚያነቃን የነርቭ መረብ አለ። ዋና ዋና ጣቢያዎቹ ኢንሱላና የፊተኛው ሲንጉሌት (በሁለቱ የአንጎል ግማሾች መካከል ወደ ፊት ያለው ክፍል) ናቸው። ልጅ ስትጮህ ከቴሌቪዥኑ የሚነጥለን እሱ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቮን ኢኮኖሞ የሚባሉ ትልልቅ፣ እንዝርት የመሰሉ የነርቭ ሴሎች አሉ። የነርቭ ሐኪሙ የዊልያም ሲሊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 በኤፍቲዲ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ እነዚህ ሴሎች ተለይተው በብዛት ማለቃቸውን አሳየ። ቀጥሎ ሰው ምንም ሳይሠራ ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ የአንጎል ክፍሎቹ እንዴት አብረው ከፍ ዝቅ እንደሚሉ ሲለካ፣ በኤፍቲዲ የላላው ይኸው መረብ ሆኖ ተገኘ። በአልዛይመር የሚላላው ሌላ ነው፤ ወደ ኋላ ያለው፣ ከማስታወስ ጋር የተያያዘው። ይህ ዓይነቱ ልኬት ገና የምርምር ነው፣ ለአንድ ሰው ምርመራ አይታዘዝም። እኔ የገባኝ ግን ወንድምሽ ያልተነሳው ልጁን መውደዱን ስላቆመ ላይሆን ይችላል። የሚያስነሳው ደወል ተቋርጦ ይሆናል።

ስለ ፔቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የምርመራ መስፈርት የጠባይ ኤፍቲዲ፣ መጀመሪያ ጠባይን የሚለውጠው ዓይነት፣ ሦስት ደረጃ አለው። ከስድስት ምልክቶች ሦስቱ ካሉ «ሊሆን ይችላል» ይባላል። ሰውየው የዕለት ኑሮውን መምራት እያቃተው መሄዱ ከታየና ምስሉም የግንባር ወይም የፊተኛውን ቴምፖራል ጉዳት ካሳየ «ሳይሆን አይቀርም» ይሆናል። «የተረጋገጠ» የሚባለው በጂን ወይም በአንጎል ናሙና ብቻ ነው። ኤምአርአዩ አጠራጣሪ ሲሆን ፔት ያግዛል፤ ሴሎቹ ሞተው ቦታው ከመሳሳቱ በፊት ሥራቸው ይቀንሳልና።

ሰባት ዓመት ከእሱ ጋር

ለእህቱ። የእኔ ባለቤት ከታወቀበት ሰባት ዓመቱ ነው። ፔቱን ከውስጥ ልንገርሽ፣ ዝግጅት ይፈልጋል።

ከምርመራው በፊት ቢያንስ አራት ሰዓት ምንም አይቀምስም። ለእኛ ትልቁ ፈተና እሱ ነበር። የእኔ ሰው ጣፋጭ ፍለጋ የማይከፍተው መሳቢያ ስላልነበረ ከእህቱ ጋር ተፈራርቀን ስንጠብቀው አነጋን። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የደም ስኳሩን ይለካሉ። ከዚያ ትንሽ ጨረር የታሰረበት ስኳር በደም ሥሩ ይሰጡታል። ብዙ የሚሠራ የአንጎል ክፍል ብዙ ስኳር ይስባል፤ የሰነፈው ትንሽ ይስባል። ማሽኑ የሚያነሳው ይሄን ልዩነት ነው። ጨረሩ በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል።

መርፌው ከተሰጠው በኋላ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። ማውራትም ማንበብም የለም። ካወራ የንግግር ቦታው ስኳሩን ይስብና ምስሉ ይዛባል። እኔ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስቴ ተነሳ፣ ሦስቴም ምንም ሳልናገር እጁን ጎተት አደረግኩት። ያቺ ግማሽ ሰዓት ረዘመችብኝ። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን ዝም ያልንባት ናትና እወዳታለሁ።

ምስሉ ሲመጣ ቀለማም ነው። ከኋላው ቀይና ቢጫ፣ ከፊቱ ሰማያዊ። አትደንግጪ፤ ቀለሙን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ነው። «ይሄ በጤነኛ የዕድሜ እኩያዎቹ ከሚጠበቀው ምን ያህል ያንሳል?» ብለሽ ጠይቂ። ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው።

ጠያቂው

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል። አባቴን በዚሁ በሽታ አጥቻለሁ። ሦስት ጊዜ ኤምአርአይ፣ አንድ ጊዜ ፔት ተነሳ። ምን አተረፍን? የሚያቆመው መድኃኒት የለም። ቤተሰቡ ደከመ፣ እሱም ተንገላታ። ሐኪም ምልክቱን አይቶ ካወቀ ፎቶ ማብዛቱ ለማን ነው?

ሰባት ዓመት ከእሱ ጋር

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ያልከው ይገባኛል፤ ሦስተኛውን ኤምአርአይ እኔም እንቢ ብያለሁ።

የመጀመሪያው ግን ለእኔ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ቦታው ላይ በሠራው ነገር ሊከሰስ ነበር። ቤት ውስጥም «ትዳሩ ሰልችቶት ነው» እባል ነበር። ያን ምስል ለእናቱ ሳሳያቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ቀን በኋላ እኔን መውቀስ ቆመ። መድኃኒት አላገኘንም፣ ፍርድ ግን አገኘን።

ነርቭ ተማሪ

ጠያቂው፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ውጤቱ ምንም ነገር የማይቀይር ከሆነ ምስል መድገም እኔም አልደግፍም።

የመጀመሪያው ግን ብዙ ይቀይራል። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ አንድ ጥናት የጠባይ ኤፍቲዲ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ቀደም ሲል የአእምሮ ሕመም ስም ተሰጥቷቸው ነበር። ሁለተኛ፣ ለአልዛይመር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ለኤፍቲዲ አይጠቅሙም፤ ጠባዩን የሚያባብሱበትም ጊዜ አለ። ሦስተኛውን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአንጎል ፈሳሽ አከርካሪው አካባቢ ቀስ እያለ ሲያፈስ አንጎሉ የሚንሳፈፍበት ያጣና ወደ ታች ይወርዳል። ሰውየው ልክ የጠባይ ኤፍቲዲ እንዳለበት ይሆናል፤ ግዴለሽነቱም፣ ማፈር ማጣቱም። ኤምአርአይ ላይ ግን መውረዱ ይታያል። ይሄኛው ሊታከም ይችላል። በሺህ አንድም ቢሆን ሳላይ አላልፈውም።

ግን በምስል ብቻ መፍረድም አደጋ አለው። ከባድ ድብርት ፔት ላይ የግንባሩን ክፍል ሊያደበዝዘው ይችላል። በተቃራኒው ሲ9ኦአርኤፍ72 የሚባለው ጂን ለውጥ ያለባቸው አንዳንዶች በሽታው እያላቸው ምስላቸው ለረጅም ጊዜ ደህና ይመስላል። ጠባዩ ኤፍቲዲ መስሎ፣ ምስሉ ጤናማ ሆኖ፣ ለዓመታት ሳይብስ የሚቆይ ሰውም አለ። ስለዚህ «ምስሉ ጤናማ ነው» ማለት «ሰውየው ጤናማ ነው» ማለት አይደለም። ሰባት ዓመት የኖሩበት የቤተሰብ ምስክርነት ለእኔ ከሁሉም ይቀድማል።

ጠያቂው

ፈሳሽ ማፍሰሱን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ኤምአርአይ እንደሚያስፈልግ ተቀብያለሁ። ሦስተኛው ላይ ግን እንደጸናሁ ነኝ። አባቴ ማሽኑ ውስጥ ሲጮህ ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ።

የመግነጢስ ክፍል

ጠያቂው፣ አዝናለሁ። እንደዚያ መሆን አልነበረበትም።

ሌሎቻችሁ ይጥቀማችሁ። የኤፍቲዲ ታማሚ ሲመጣ አስቀድማችሁ ንገሩን። ማሽኑ እንደ መዶሻ ይጮኻል፣ እሱ ደግሞ መታገሥ የሚባለው ነገር አልቆበታል። እኔ ሁልጊዜ ዋናውን ባለአንድ ሚሊሜትር ምስል አስቀድማለሁ። አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ተነስቶ ቢሄድም ዋናው ነገር እጄ ላይ ነው። ቤተሰብ ብረት ነገር ሁሉ አውልቆ፣ ተጠይቆና ተፈትሾ አብሮ ሊገባ ይችላል። አንድ ሰው እግሩን ያዝ ሲያደርግለት ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። ካልሆነ ደግሞ ማቆም ነው። የተንቀሳቀሰ ሰው ምስል ስለሚደበዝዝ፣ ያልሳሳውን የሳሳ ሊያስመስል ይችላል። ሲጮህ መቀጠል ለማንም አይጠቅምም።

ግማሽ በግማሽ

እስካሁን ሳነብ ብቻ ነበር። እናቴ በኤፍቲዲ ነው የሞተችው፤ ፕሮግራኑሊን በሚባለው ጂን ለውጥ። ይሄ ጂን ከበሽታው ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ወደ እኔ የመተላለፉ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። አልተመረመርኩም። ለማወቅ ገና ዝግጁ አይደለሁም።

ግን በየዓመቱ ለምርምር ኤምአርአይ እነሳለሁ። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን ለእኔ አይነግሩኝም፣ እንዲነግሩኝም አልፈልግም። ጄንፊ የሚባለው ዓለም አቀፍ ጥናት እንደ እኔ ያሉ ቤተሰቦችን ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ውጤት፣ ጂኑን በተሸከሙ ሰዎች ላይ ምልክቱ ይጀምራል ተብሎ ከሚጠበቅበት አሥር ዓመት ቀድሞ አንጎላቸው ላይ ልዩነት እንደሚታይ አሳይቷል። በፈተና የሚለካው የአእምሮ ለውጥ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ አምስት ዓመት ገደማ ሲቀረው። ያን ያነበብኩ ቀን እህል አልበላልኝም። ነርቭ ተማሪ፣ ልክ ነው የገባኝ?

ያም ሆኖ መሄዴን አላቆምኩም። እዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተኝቼ ድምፁ ሲጀምር ስለ እናቴ አስባለሁ። እሷን የሚያድን ነገር አልነበረም። በሽታውን ከሥሩ የሚያቆም መድኃኒት ቢመጣ ግን መሰጠት ያለበት አንጎሉ ሳይሳሳ ነው። መቼ እንደሚጀመር የሚያውቁት ከእኔ ዓይነቱ ሰው ምስል ነው።

ነርቭ ተማሪ

ግማሽ በግማሽ፣ ልክ ገብቶሃል። አንድ ነገር ግን ያዝልኝ። ያ ውጤት የብዙ ሰው አማካይ ነው። የጂኑ ተሸካሚዎች በአንድ ወገን፣ ተሸካሚ ያልሆኑት በሌላ ወገን ተደርገው ሲነጻጸሩ የወጣ ልዩነት ነው። የአንድን ሰው ምስል አይቶ «አንተን በዚህ ዓመት ይጀምርሃል» የሚል ሰው የለም። የፕሮግራኑሊን ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ የሚጀምርበት ዕድሜ በጣም ይለያያል። እህልህን ብላ፣ ወንድሜ። ለመመርመር ከወሰንክ ደግሞ የጂን ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ጋር ሆነህ ይሁን።

ጂኖቹ ምስል ላይ የየራሳቸው መልክ አላቸው። የፕሮግራኑሊን አንዱን ወገን ከሌላው አብልጦ ይጎዳል፣ ወደ ኋላ እስከ ፓራይታል፣ ከላይ ወደ ኋላ እስካለው ክፍል፣ ይደርሳል። ታው የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ሁለቱን የቴምፖራል ጫፎች እኩል ያሳሳል። ሲ9ኦአርኤፍ72 ሰፋ ብሎ ይበተናል፣ በአንጎሉ መሃል ያለውን ታላመስንም ይነካል።

ምስል እስካሁን የማያሳየን ግን ፕሮቲኑን ነው። በአብዛኛው ኤፍቲዲ ሴሎቹ ውስጥ የሚከማቸው ወይ ታው ነው ወይ ቲዲፒ-43። ለአልዛይመር አሚሎይድን፣ በአልዛይመር የሚከማቸውን ፕሮቲን፣ የሚያሳይ ፔት አለ፤ እኛ የምንጠቀምበት አልዛይመር አለመሆኑን ለማወቅ ነው። ታውን የሚያሳየው ፔት የተሠራው ለአልዛይመሩ ታው ስለሆነ የኤፍቲዲው ታው ላይ በደንብ አይጣበቅም። ለቲዲፒ-43 ደግሞ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚታዘዝ ምንም የለም። ቤቱ የት ጋ እየፈረሰ እንደሆነ እናያለን፤ ምስጡ ይሁን ውሃው ግን ገና ከፍተን ነው የምናውቀው። ለመድኃኒቱ ደግሞ የሚያስፈልገው ይሄ ነው፤ የታው መድኃኒት ለቲዲፒ-43 አይሆንምና።

እህቱ

ተመለስኩ፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ምክራችሁን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ይዤ ነው የሄድኩት።

ፔቱ ተነሳ። ግማሹን ሰዓት እኔ ነኝ አብሬው የተቀመጥኩት። አንዴ ብቻ ተነሳ። ውጤቱ መጣ፤ ቀኝ ቴምፖራል በጣም ቀንሷል፣ ግራውም ጀምሮታል፣ የግንባሩ የታችኛው ክፍልም እንዲሁ። የኋላው ደህና ነው። አንጎሉ ወደ ታች መውረድ አለመውረዱን አስጠይቄ ነበር፤ አልወረደም። ተስፋ አድርጌበት ነበርና ትንሽ አለቀስኩ። ሐኪሙ «ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ደረጃ ላይ ጽፎታል። ድሮ ምስሉን ያነበበው ክፍል ዘንድም አዲሱን ማዘዣ ይዤ ሄጄ ነበር። ባለሙያው እንደገና አየውና ሪፖርቱን አስተካክሎ ሰጠኝ።

ልጅቷ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ስናይ መጥታ ከኋላችን ቆመች። «ያኔ ያልተነሳው የትኛው ስለተበላሸ ነው?» አለች። ለካ አልረሳችም። በግራ በኩል ያለውን አሳየኋትና «ይሄ የአባትሽ ቀኝ ነው» አልኳት። ያቺኑ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ቀልዱን ጀመረላት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

የመግነጢስ ክፍል፣ ሐኪሙ ከዓመት በኋላ አንድ ኤምአርአይ ይደገም ብሏል። ምን ላዘጋጅ?

የመግነጢስ ክፍል

ከተቻለ እዚያው ማሽን ላይ ይነሳ፤ ማሽን ሲቀየር ልኬቱ ስለሚለያይ የበሽታውን ለውጥ ከማሽኑ ለውጥ መለየት ይቸግራል። የአሁኑን ሲዲ ሁለት ቦታ ገልብጠሽ አስቀምጪ፣ ወረቀቱን ብቻ አትያዢ። ማዘዣው ላይ «ኤፍቲዲ፣ የቀኝ ቴምፖራል፣ ካለፈው ጋር ይነጻጸር» ተብሎ ይጻፍልሽ። ሲደርስ እዚሁ ጻፊልኝ፤ በምርመራው ቀን ምን እንደሚለብስ ጭምር እነግርሻለሁ።